ባቡር ያላየ ከተማ ለእህቴ ሲያለቅስ

እህቴ የሞተችው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ተገልብጦ ነው። በዚያ ዘመን ይህን ሆሳዕና ላይ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ከተማው ውስጥ ባቡር ያየ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው፤ ያላዩት ግን ከማብራራት አልቦዘኑም። አንዱ ለቀስተኛ ለጎረቤቱ «ከአውቶብስ ይበልጣል፣ ከቤተ ክርስቲያን ያንሳል» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እህቴ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ነርስ ነበረች። ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የጀመረችው ሚሲዮኑ ክሊኒክ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳ ተቀጠረች። አንድ ጊዜ በፈቃድ መጥታ ነበር። ፀጉሯን አሳጥራ፣ ሱሪ ለብሳ፣ ቦት ጫማ ተጫምታ ከአውቶብስ ስትወርድ ከተማው ሥራ ፈታ። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ሴት የወንድ ልብስ መልበሷ ኃጢአት እንደሆነ እሑድ ሰበኩ፤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ስለነበር ስሟን አልጠሩም። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ደግሞ እንዲህ ያለችውን ማንም አያገባትም እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። እሷ እሱን እምቢ ካለችው ሳምንት አልሞላውም።

ከሶማሌ ጋር ውጊያው ሲነሳ ወደ ኦጋዴን ላኳት። ሰላም ወርዶ፣ ፈቃድ አግኝታ ወደ እኛ ስትመጣ ነው ባቡሩ የተገለበጠው። ከሌሎቹ ሟቾች ጋር ድሬዳዋ ቀበሯት፤ ለእኛ ወሬው ብቻ ደረሰን። እናታችን ቀድማ ስላረፈች አባቴና እኔ ድንኳን ተክለን ተቀመጥን።

አስከሬን ባለመኖሩ ሰዉ የሚያለቅስላትን ሴት ራሱ ይሠራት ጀመር። በመጀመሪያው ቀን እንደ ነበረችው አሥር አለቃ ነበረች። በማግስቱ ከሞርሲቶ የመጡ ለቀስተኞች ሃምሳ አለቃ አደረጓት። ገበያ ሲቆም መቶ አለቃ ሆነች፤ ገበያው ሳይበተን ሻምበልነት ደረሰች። ሽማግሌው የደንብ ልብስ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ሱሪዋ በደንብ ይታይ ነበር። አስተርጓሚው ደግሞ ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ መጣና እጮኛዬ ነበረች ማለት ጀመረ። ወንበር ለቀቁለት።

ሻንጣዋን ያመጣችልን አብራት የተጓዘች ነርስ ናት፤ የጎጃም ልጅ። ግንባሯ ገና በፋሻ እንደ ታሰረ ነበር። ሰዉ ከበባትና ጠላት በየት በኩል እንደ ተኮሰ ጠየቃት። ማንም አልተኮሰም አለች። ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ወስዶት ኖሮ፣ ባቡሩ ሲያልፍበት የኋለኞቹ ፉርጎዎች ገደል ገቡ። ለቀስተኛው ቅር አለው። ጭንቅላቷን ስለተመታች ነው ብለው እርስ በርስ ተንሾካሾኩና የራሳቸውን ወሬ ቀጠሉ።

ጓዳ ይዣት ገባሁ። ቆጮ በአይብ አቀረብኩላትና እየበላች ነገረችኝ።

«ጫማዋን አውልቃ ተኝታ ነበር። አዋሽ ስንደርስ ቀስቅሺኝ ብላኛለች። አዋሽ አልደረስንም።»

እህቴ ልጅ ሆነን እንሰት ስንፍቅ እንኳ እጇ ላይ መፋቂያው እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ድንኳን ውስጥ ያለቀስኩት ለማላውቃት ሻምበል ነው። ጓዳ ውስጥ ግን ለእህቴ አለቀስኩ፤ እንግዳዬም መብላቷን ትታ አብራኝ አለቀሰች።

በሳምንቱ የአውራጃው ገዥ የጀግና መታሰቢያ ይደረግ ብለው አዘዙ። ተማሪው ተሰለፈ፣ ባንዲራው እስከ ግማሽ ወረደ፣ ሹማምንቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ገዥው የተጻፈላቸውን ንግግር አነበቡ፤ በንግግሩ ውስጥ እህቴ ለጠላት ጥይት ደረቷን ሰጥታ ወደቀች። ከዚያ አባቴ እንዲናገር ተጠየቀ። አባቴ ከጊምቢቹ ነው፤ ዕድሜውን በእርሻና በከብት ንግድ የጨረሰ ሰው ነው። ቆሞ በሀዲይኛ ተናገረ። ልጄን ጥይት አልመታትም አለ። ጦርነቱ አልቆ ወደ ቤቷ እየመጣች ነበር፣ ተኝታ ነበር አለ።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዷ ብትሞት ሌላ ልጅ አለኝ፤ ግርማዊነታቸው ባዘዙኝ ቀን እሱንም እሰጣለሁ ነው የሚለው፣ ክቡርነትዎ» አለ።

ከሹማምንቱ በቀር ሁለቱንም ቋንቋ የማይሰማ እዚያ ቦታ አልነበረም። ሰዉ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ገዥው ግን ልባቸው ተነካ፤ አጨበጨቡ፣ ሹማምንቱም ተከትለው አጨበጨቡ። የትኛው ልጅ እንደሆነ ሲጠይቁ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የቀረሁት ልጅ እኔ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ መውለጃዬ ደርሶ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

አባቴ አልተቀመጠም ነበር።

«እንደሱ አላልኩም» አለ፣ በአማርኛ።

ገዥው ደነገጡ። ስንት ጊዜ እሳቸው ችሎት ፊት ቀርቦ በአስተርጓሚ ነበር ያናገሩት። «አማርኛ ትችል ኖሯል?» አሉት።

«እችላለሁ። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

የአባቴ አማርኛ ከብት ገበያ የተማረው ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለበትም። ሹማምንቱ ተያዩ። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። አባቴ ቀስ ብሎ ቀጠለ። «ልጄ ወደ እኔ እየመጣች ነበር። ተኝታ ሞተች። እንደሱ በል።»

ገዥው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዜር ያጥናህ» አሉትና ንግግሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለዚያች ደቂቃ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ሪፖርቱ ግን ጥይቱም ደረቱም እንዳለበት፣ እኛ ገና ሳንሰበሰብ፣ ጠዋቱን በአውቶብስ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር፤ የመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በታላቅ ድምቀት መፈጸሙንም ይገልጻል። አስተርጓሚውም ሥራውን አላጣም፤ አባቴ ችሎት ያለው ቀን ብቻ ያመዋል።

ልጄ ጡት ስትተው አባቴ ባቡር አሳዪኝ አለኝ። አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። ጣቢያው ውስጥ ሐዲዱን ጎንበስ ብሎ አየ። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲገባ ሰዉ ዕቃውን እየተጋፋ ወረደ፤ አባቴም የእያንዳንዱን ፊት ያይ ነበር። ዘበኛው ማንን እንደሚጠብቅ ሲጠይቀው ማንንም አልጠብቅም አለው። የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

መጨረሻ የወረዱት ጆንያ የከበዳቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። አባቴ ሄዶ ጆንያውን ተቀበላቸው፣ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ በሩ ይሄድ ጀመር። እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልኳቸው።