የእናቴ የስለት ኮክ

ልጅ እያለሁ፣ ፍራንክፈርት በገባንበት የመጀመሪያው ዓመት፣ ከቤት ውጭ አልናገርም ነበር። ቤት ውስጥ ምላሴ አያርፍም፤ በሩን ከወጣሁ በኋላ ግን አስተማሪዋ ብትለምነኝ፣ ልጆቹ ቢያስቁኝ፣ ቄሱ ስሜን ቢጠይቁኝ፣ ጭጭ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ እናቴን «ተያት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ያጽናናት ነበር። እሷ ግን ትምህርት ቤት ተጠርታ በሄደች ቁጥር ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች።

ያኔ አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው አገሩ ሲገባ፣ ሽቫንሃይም ጫካው አጠገብ ያለችው የአትክልት ቦታ ለእኛ ተላለፈች። በጀርመንኛው ጋርተን እንላት ነበር። አጥሯ ጥግ የኮክ ዛፍ ነበረች። መጋቢት ላይ ቅጠል እንኳ ሳታወጣ ሮዝ አበባ ለበሰች። እናቴ ግንዷን ይዛ ተሳለች። «እመቤቴ፣ የልጄን አፍ ክፈችልኝ፤ የዚህችን ዛፍ ፍሬ በሙሉ ለፍልሰታ ይዤልሽ እመጣለሁ።» በሙሉ ያለችውን ልብ በሉልኝ።

ሚያዝያ ላይ ውርጭ መጣ። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ሄር ቬርነር፣ አቶ ቬርነር እንደማለት ነው፣ በአጥሩ በኩል በእጃቸው እያሳዩ ሸፍኗት አሉን። አልጋ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የአባቴን ካፖርት ሳይቀር አለበስናት። አበባው ተረፈ፣ ፀሐይ ሲወጣ ንቦቹም መጡ። ግንቦት ላይ ቅርንጫፉ ሁሉ የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል ፀጉራም አረንጓዴ ፍሬ ተጠቀጠቀ። እናቴ የስለት ነው ብላ አባቴን እንኳ አታስነካውም ነበር።

አንድ ቀን፣ አባቴ ሥራ ሄዶ፣ ሄር ቬርነር ገቡና ዛፏን እያዩ ብዙ አወሩ። የእናቴ ጀርመንኛ ከ«ጉተን ታግ» ሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ዝም ብላ «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ ትላለች። እሳቸውም ፈቀደች ብለው አንድ ፍሬ ቆርጠው ጣሉ። እናቴ ጮኸች፣ ሽማግሌው ደነገጡ፣ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አፌ ተከፈተ። ትምህርት ቤት ስሰማው በከረምኩት ጀርመንኛ ለምን እንደጣሉት ጠየቅኋቸው። የነገሩኝንም ለእናቴ አስረዳሁ።

«እማዬ፣ ዛፏ ይህን ሁሉ ማሳደግ አትችልም ይላሉ። በፍሬና በፍሬ መካከል ስንዝር መተው አለበት። ግማሹ ካልተነሳ ሁሉም ትንንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ቅርንጫፉም ይሰበራል።»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከምሳ በኋላ ድምፅ ማሰማት ነውር በሆነበት ሰዓት ነበርና ሰው ሁሉ ከየጎጆው ብቅ አለ። ሄር ቬርነር ምክራቸው ይህን ያህል ያስደስታል ብለው አልጠበቁም። ፈገግ ብለው ሁለተኛውን ፍሬ ሊቆርጡ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ያዘቻቸው። ገና ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ስለቷ ሰምሯል፣ ስለዚህ ፍሬው በሙሉ የእመቤታችን ነው። የተከፈተው አፍ ደግሞ ግማሹን ጣዪው ይላታል።

ሳምንቱን ሙሉ ጨነቃት። አባቴ «እመቤቴ የተሰበረ ዛፍ ምን ያደርግላታል?» ቢላትም አልሰማችውም። ከዚያ ኃይለኛ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ፤ ስንሄድ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ተሰንጥቆ ጠበቀን። እናቴ ስንጥቁን በጨርቅ አሰረችና ባልዲ አመጣች። በስንዝሯ እየለካች፣ አንዲት ፍሬ መሬት ሳትጥል፣ ግማሹን ለቀመችው። እሑድ ባልዲውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ገባች።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ቄሱ።

«ስለት ነው፣ አባቴ። ግማሹ ነው። የቀረው ሲበስል ይመጣል።»

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩና ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም ባልዲውን ባረኩት። ከቅዳሴ በኋላ እኛ ልጆች ጥሬውን ኮክ በሚጥሚጣ እየነካን ጥርሳችን እስኪጠርስ በላነው። ለፍልሰታ የቀረው ደረሰ፤ መዳፍ የሚሞላ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ሲገምጡት ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ።

ሄር ቬርነር አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ኮክ የሚያፈራው አምና በወጣው ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አሮጌውን ጨክኖ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የድሮዋ ዛፍም አርጅታ ደርቃለች፤ ዛሬ የምንከባከበው ከፍሬዋ የበቀለችውን ነው። ክረምቱ እየለዘበ ስለመጣ ቀድማ ታብባለች፤ ውርጩ ግን ጀርመኖች ቴርሚን እንደሚሉት ቀጠሮ ቀኑን አይስትም። ዘንድሮ ብንሸፍናትም አልሆነም፤ የቀረችው አንዲት ፍሬ ብቻ ናት።

«ኑር አይነ?» አለች ልጄ፣ አንዲት ብቻ ናት ወይ ማለቷ ነው።

«በሙሉ ብዬ አይደል የተሳልኩት? ይኸው በሙሉ» አለቻት እናቴ፣ ፀጉሯ የነጣው እናቴ። ለፍልሰታ ያቺን አንዲት ኮክ በሁለት እጇ ይዛ ትራም ተሳፈረች።

«እማዬ፣ ስለቱ እኮ ድሮ ተከፍሏል» አልኳት አጠገቧ ተቀምጬ።

«አፍሽ መቼ ተዘጋና» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ ሳወራት ነበር።