በር ላይ የቀረው መርፌ

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለውዝ አይስማማትም። «አይስማማትም» የሚለው ቃል ራሱ ያናድደኛል። ሰው ሲሰማው ሆዷን ቆረጥ የሚያደርጋት ወይም ትንሽ የሚያሳክካት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጎረቤት ያቀመሰቻት አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ከንፈሯን አሳብጦ፣ ድምጿን ዘግቶ፣ ትንፋሿን ሊወስደው ነበር። ያኔ ያከማት ሐኪም «ለውዝ ለዚህች ልጅ መርዝ ነው፤ ሌላ ቃል አትፈልጊለት» አለኝ። እኔ ሌላ ቃል ፈልጌለት አላውቅም። ሰው ግን ሁሌም ያገኝለታል። አንዱ ቅብጠት ነው ይላል፣ ሌላዋ እኔ ፈርቼ ልጅቷን እንዳስፈራኋት ትነግረኛለች።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። ታክሲ ስንሳፈር አጠገባችን የምትቀመጥ ሴት ሁሉ ከቦርሳዋ ቆሎ ቆንጠር አድርጋ ወደ ልጄ እጅ ትዘረጋለች፤ ከገብሱ መሃል ለውዝ አለ። አይሆንም ስላት ፊቷ ይጠቁራል፣ የተጸየፍኳት ይመስላታል። ጾም ሲገባ ደግሞ ይብሳል፤ ኬኩም፣ ሻዩም፣ ብስኩቱም ለውዝ ለውዝ ይላል። ልደት ስንጠራ ልጄን ቤት አብልቼ ነው የምወስዳት። እዚያም ደርሼ ከሰው ጋር አልጫወትም፤ ዓይኔ ከእጇ ላይ አይነሳም።

ውጭ አገር የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ መድኃኒቷን ይዞልኝ መጣ። እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ነው፤ ጭን ላይ ሲጫኑት መድኃኒቱ በራሱ ይገባል። እዚህ ስንት ፋርማሲ ዞሬ ያጣሁት ነገር ነው። በትንሽ ቀይ ቦርሳ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር አስቀምጬው ልጄ የሄደችበት ሁሉ አብሮን ይሄዳል።

ክረምቱ እንደወጣ የባሌ ታላቅ እህት ልጆቹን ሱሉልታ መንገድ ላይ ወደተከፈተው አዲስ መጫወቻ ቦታ እንውሰዳቸው አሉ። ሰበታ ነው የሚኖሩት፤ ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ ሴት ናቸው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት ባሌንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጄ «አዳዳ» ትላቸዋለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ይወዷታል። ይህን የምጽፈው ሳልወድ ነው፣ ግን እውነት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን፤ እኔ፣ ባሌ፣ ልጄ፣ አዳዳና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ጥበቃው ቦርሳዬን ከፈተና ምሳ ዕቃዋን አወጣ። ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ሙዝ ነበር የያዝኩላት። ከውጭ ምግብ አይገባም አለኝ። ልጅቷ ያገኘችውን መብላት እንደማትችል አስረዳሁት። ውስጥ ምግብ ሞልቷል አለኝ። ቀጥሎ ቀዩን ቦርሳ አነሳና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መርፌ ነው አልኩት። ቅባት ነው፣ የዓይን ጠብታ ነው ብል ኖሮ ሳያየው ያሳልፈኝ ነበር። እውነቱን ስለተናገርኩ ስለታም ነገር ክልክል ነው ተባልኩ።

አለቃው ይጠራልኝ አልኩ። ሬዲዮ የያዘ ወጣት መጣ። ቦርሳውን እንኳ አላየም፤ በጣቱ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አሳየኝ። ምግብ፣ መጠጥና ስለታም ነገር ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። የሐኪሙን ደብዳቤ ዘረጋሁለት። ከላይ እስከ ታች አነበበውና መለሰልኝ።

«ይሄ ለእኛ የተጻፈ አይደለም» አለ።

ከኋላችን ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። አዳዳ ለአንዲት መርፌ ብለን ሰውን ሁሉ ፀሐይ እያስመታን ነው አሉ። ልጄ ከአጥሩ በላይ የሚሽከረከረውን ትልቁን ጎማ አይታ በደስታ እየዘለለች ነበር። ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ዕቃ ማስቀመጫው እዚሁ በሩ ላይ ስለሆነ ሩቅ አይደለም፣ ተዪው አለኝ። እኔም ሰጠሁ። ምሳ ዕቃውንም፣ መርፌውንም ሰጠሁ። ጥበቃው የእንጨት ቁም ሳጥን ውስጥ ከተታቸውና ቁልፉን ኪሱ ጨመረ። በሌላው ሁሉ ከመናደዴ በፊት በራሴ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ልጄን ይዤ መመለስ ነበረብኝ። ታለቅስ ነበር፤ ብታለቅስስ?

አዳዳ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ አለፉ። ማንም አልፈተሻቸውም፤ ትልቅ ሰው ናቸውና።

ከሰዓት በፊት ያለው ጊዜ መልካም ነበር። ልጄ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ሦስት ጊዜ ዞረች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ራበኝ አለች። ወደ ምግብ ቤቱ ሄጄ የድንች ጥብሱ ውስጥ ለውዝ ይኖር እንደሆነ አስተናጋጇን ጠየቅኋት። የለበትም አለችኝ። በዚያው ዘይት ሌላ ምን እንደሚጠበስ ስጠይቃት ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰች።

«ምንም ለውዝ የለውም። ትንሽ ብቻ ነው» አለችኝ፤ ቀልዷን አልነበረም።

ስለዚህ ምሳ ዕቃውን ለማምጣት ወደ በሩ ሄድኩ። ባሌ የአዳዳን የልጅ ልጆች ይዞ ወደሚጋጩት መኪኖች ሄዶ ስለነበር ልጄን ከአዳዳ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ምንም እንዳትቀምስ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳቸው። እንደ ሕፃን አትንገሪኝ አሉኝ። በሩ ላይ አለቃው ጥበቃው ምሳ ስለወጣ ጠብቂ አለኝ። ደግሞም ምግቡን ማብላት ከፈለግኩ ልጅቷን ወደ ውጭ ማውጣት አለብኝ፤ ከወጣች ደግሞ በዚያው ቲኬት አትመለስም። ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርኩትና ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ልጄ አንገቷን በሁለት እጇ እያከከች ነበር።

«እማዬ፣ ምላሴ ወፈረ» አለችኝ።

የታችኛው ከንፈሯ መገልበጥ ጀምሯል። ምን በላሽ ስላት ወደ አዳዳ አየች። አዳዳ ምንም አልበላችም፣ ፀሐይ ነው አሉ። ጭናቸው ላይ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አየሁ። የእኔ ድንችና ሙዝ በር ላይ ሲቀር ይሄ በነጠላ ተሸፍኖ ገብቷል። ቆሎውን አንስቼ ፊታቸው ላይ ያዝኩት። ያኔ ገብሱን ብቻ እንደሰጧት፣ ለውዙን አንድ በአንድ ለቅመው እንዳወጡላት ነገሩኝ።

ልጄን ታቅፌ ወደ በሩ ሮጥኩ። ትንፋሿ ጆሮዬ ስር ያፏጭ ነበር። ጥበቃው አልተመለሰም፤ ቁልፉም ከእሱ ጋር ነው። አለቃው በሬዲዮው ይጠራዋል፣ የሚመልስለት የለም። እየጮህኩ ነበር፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ባሌ ጩኸቴን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ቤታችን ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። የልጃችንን ፊት አየ፣ ቁም ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ በእግሩ መታው። በሦስተኛው ሳንቃው ተሰነጠቀ። አለቃው ንብረት እየሰበራችሁ ነው እያለ እጁን ሊይዘው ሞከረ። ልጄ እጄ ላይ ከንፈሯ እየጠቆረ ይሄ ሰው ስለ ሳንቃ ያወራል።

መርፌውን ከሱሪዋ በላይ ጭኗ ላይ ጫንኩት። እስከ አስር ቆጠርኩ። አለቀሰች፤ የሻከረ፣ የታፈነ ልቅሶ ነበር፣ ግን ልቅሶ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ይተነፍሳል።

«የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ነበር፤ ተቆልፏል። በሩ ፊት ለፊት ጭድ የጫነች ፒካፕ ቆማ ነበር። ባሌ ወደ ሾፌሩ ሄዶ «ኦቦ፣ ልጄ…» ብሎ ሊጨርሰው አልቻለም። ሽማግሌው አንድ ጥያቄ አልጠየቁንም፤ በሩን ከፍተው አስገቡንና ጥሩምባ እየነፉ ጤና ጣቢያ አደረሱን። የዚያን ቀን ያልተናደድኩባቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አይ፣ የጤና ጣቢያዋም ነርስ አለች። ኦክስጅን ሰክታ፣ ሌላ መርፌ ጨምራ፣ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል ብላ እስከ ማታ አላስወጣችንም። የመጀመሪያው መርፌ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እዚህ በሕይወት እንደማትደርስ በግልጽ ነገረችን። ከልጆቹ ጋር ተከትለውን የመጡት አዳዳ ደጅ ተቀምጠው ለሚጠይቃቸው ሁሉ ዓይን ነው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሰው ዓይን መቷት ነው ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጄን ፀጉሯን ሳጥባት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ብነግርሽ አትቆጪኝም ብላ ጠየቀችኝ። አልቆጣም አልኳት።

«አዳዳ ለውዝ ነው የሰጠችኝ። ሁለት ፍሬ። ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ምንም አትሆኚም አለችኝ።»

አረፋውን ከዓይኗ ጠረግኩላት። ጥፋት አላጠፋሽም አልኳት። አልብሼ ወደ ጎረቤት ልጆች ሸኘኋት። ልጄን ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሰጠሽን ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ። ያንን ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈረሱት።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ሆን ብላ አይደለም አለኝ።

«ሆን ብለው ነው» አልኩት። «ሊገድሏት አይደለም። እኔን ሊረቱኝ ነው።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ሰበታ ሄድኩ። አዳዳ ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ተቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። ልጅቷ እንደነገረችኝ ሲያውቁ አልካዱም። ትልመደው ብለው እንደሆነ፣ እሳቸው ሰባቱንም ይሄ አይበላም ሳይሉ እንዳሳደጉ ነገሩኝ። በአንቱታ ነው ያናገርኳቸው፤ ምላሴ ሌላ እምቢ አለኝ።

«ይሁን፣ አላመኑኝም» አልኩ። «ትንፋሽ ሲያጥራት ፀሐይ ነው ያሉት ለምንድን ነው? ለምን ያኔ እውነቱን አልነገሩኝም?»

ጎመኑን አስቀመጡ።

«ፈራሁ» አሉ።

«ማንን?»

«አንቺን።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይራራ ይሆናል። የእኔ ባሰበት። እኔን ፈርተው ልጄን ለሞት አሳልፈው ሊሰጡ ነበር። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ወጥቼ ታክሲ ተራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ወደ መጫወቻውም ተመለስኩ፣ ብቻዬን። ሥራ አስኪያጁ ትሁት ሰው ነው፤ ስለ ሳንቃው እንደማይጠይቁን ነገረኝና ለቤተሰቡ የነጻ መግቢያ አቀረበልኝ። መድኃኒት ይዞ መግባት እንዲፈቀድ ሰሌዳው ይስተካከል አልኩት። በደብዳቤ አቅርቢ አለኝ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ በእጄ ጻፍኩት። መልስ አልመጣም። ከወር በኋላ በዚያ ያለፈች የሥራ ባልደረባዬ ሰሌዳው እንዳለ መሆኑን ነገረችኝ።

ከዚያ ከሰበታ ሽማግሌ ተላከብን። ሦስት ሰዎች ሳሎናችን ተቀምጠው ስለ ትዕግሥት፣ ታላቅን ስለማክበር አወሩ። አንደኛው ለሁለት ፍሬ ለውዝ ዘመድ ይቆራረጣል ወይ ብለው ጠየቁ። አፌን ስከፍት ባሌ ቀደመኝ። እህቴ አሳድጋኛለች፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሄጄ ጉልበቷን እስማለሁ፣ ልጄን ግን ያለ እናቷ እሷ ዘንድ አልተዋትም አለ። ድምፁ አልተነሳም። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ። እኔን ልበ ደንዳና እንዳሉኝ በኋላ ሰምቻለሁ።

አዳዳ በገና መጡ። በሩን ከፈትኩ፣ ሳምኳቸው፣ ምግብ አቀረብኩ። ለልጄ ቀሚስ አምጥተውላት ነበር፤ ወዳ ለበሰችው። ከመግባታቸው በፊት ግን የእጅ ቦርሳቸውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። ከክንዳቸው አውርደው ሰጡኝ። በቁም ሳጥናችን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ውስጡን አልከፈትኩም። አላፈርኩምም።