«ወታደሮቹ» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሰኞ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ የተሞላ ሥዕል አሳየችኝ። ሰውነት ሲቆጣ የሚያበርዱት የደም ሴሎች ውስጥ የትኛው ጂን እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተኛ የሚያሳይ ነው አለች። ኧረ በስመአብ! ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እኛ በጭፍን ስንደናበርበት የኖርነውን ነገር ልጅቷ በቀለም ታየዋለች!

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጆሮ ጫፍ ናሙና እወስዳለሁ። ወሩ ሐምሌ ስለነበር ከአየር ጤና ፌርማታ ጭቃውን እያቦካሁ፣ ትኩስ የበቆሎ ጥብስ እየጋጥኩ እገባለሁ። ደስ ሲል! ማይክሮስኮፕ ፊት መቀመጥ ለኔ ሠርግ ነበር።

ጋሼ ተሰማ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ተኝተው ይታከሙ ነበር። መድኃኒት በጀመሩ በአራተኛው ወር ክርናቸው ላይ ያለው ነርቭ አበጠና የቀኝ እጃቸው ጣቶች ይታጠፉ ጀመር። የገደለኝ መድኃኒቱ ነው ብለው ጓዛቸውን ሸከፉ። ሐኪሙ ቢለምናቸው፣ ነርሷ ብትቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች! እንዲያ ሆነው ከሄዱ መቀስ የሚይዘው እጃቸው እንደታጠፈ ሊቀር ነው።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ አላስቻለኝም። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ ማስረዳት ያዝኩ። ተሕዋስያኑን መድኃኒቱ ገድሏቸዋል፤ የደማችን ጠባቂዎች ግን ሬሳው ላይ መተኮሳቸውን አላቆሙም፣ ነርቩም አብሮ ይመታል እያልኩ ስንተባተብ ከአፌ አመለጠኝ።

«ጋሼ፣ የገዛ ወገናቸውን የሚፈጁት እኮ ወታደሮቹ ናቸው!»

ማዶ አልጋ ላይ የቀበሌ ሊቀመንበር ተኝተዋል። ጋሼ ተሰማ በሩን አዩ፣ እኔም አየሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊቀመንበሩ ግን ብርድ ልብሳቸውን ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሼ ተሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተኩስ አቁም የሚላቸው የለም?» አሉኝ።

«ከመሃላቸው አብራጆች አሉ ይባላል፤ ገና አጣርቶ ያያቸው የለም። እስከዚያው ይቺ ክኒን ታበርዳቸዋለች።»

ጓዛቸውን ፈቱ። ከሳምንታት በኋላ ጣታቸው ተዘርግቶ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያሾልኩ ሳይ በኮሪደሩ እየዘለልኩ ሮጥኩ። ሳይንስ አሳመነ ብዬ!

እውነቱን የነገሩኝ ሲሰናበቱ ነው። ስለ ደም ካወራሁት አንዱም አልገባቸውም ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ዘመን ያንን ቃል ለውሸት ብሎ የሚናገር የለም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሴል ለስንቱ አስረድቻለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ከእህቴ ልጅ እማራለሁ። እንደዚያ ቀን የታመንኩበት ጊዜ ግን የለም። ጋሼ ተሰማ ያመኑኝም ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አይተው ነው።