አንድ ማሽን ለሁለት

ሰላማዊን መርፌ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ይሄ አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ መቀሌ ሓድነት ሰፈር አሁን የሚወራው ሌላ ነውና።

ሠርክአዲስ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ መቀሌ ሂሳብ ልማር መጥቼ፣ ተመርቄ ሥራ ይዤ እዚሁ ቀረሁ። በጦርነቱ መሥሪያ ቤታችን ተዘጋ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም በሩ አልተከፈተም። ሰላማዊ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ከክፍሌ አጠገብ የተከራየች የተምቤን ልጅ ናት። እሷም የተማረችው ሂሳብ ነው። እኔ የሠራሁባቸው ዓመታት አሉኝ፣ እሷ ተመርቃ አንድም ቀን ቢሮ አልገባችም። ያም ሆነ ይህ አሁን ሁለታችንም ሥራ ፈት ነን።

ጠዋት ጠዋት የትምህርት ማስረጃችንን በላስቲክ ጠቅልለን ከአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው እንዞራለን። «የሥራ ልምድ የሚጠይቅ» የሚል ሲገጥመን እሷ ትስቃለች፣ እኔ እሳደባለሁ። ስምምነትም ነበረን፤ ክፍት ሥራ ያየች ለሌላዋ ትነግራለች፣ አብረን እናመለክታለን፣ የቀናት ትገባለች። እስከዚያው ላም አለኝ በሰማይ እያልን ሽሮ ተካፍለን እንበላለን።

ስፌቱን የጀመርኩት ብቻዬን ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አደይ ሀፊሳ ሁለት ማሽን አላቸው፤ በአንዱ ይሰፋሉ፣ ሁለተኛው ልጃቸው አግብታ ከሄደች ወዲህ ጨርቅ ተጥሎበት ተቀምጧል። በራቸው ላይ ስመላለስ አይተውኝ፣ እግርሽን ከምትጨርሺ ፔዳል ርገጪበት ብለው አስገቡኝ። መርፌ ጣቴን ወጋኝ፣ ክር ተበጠሰብኝ፣ መስመሬ እንደ ሰካራም መንገድ ተንጋደደ። ቢሆንም ለመድኩ። ሲገባኝ ደግሞ ደስ አለኝ፤ የእኔ የምለው ነገር አገኘሁ።

ከዚያ እኔ ቂሏ ሰላማዊን ይዣት ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ስትተክዝ አሳዝናኝ ነው። እኔው ነኝ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እንዴት እንደምታስገባ ያሳየኋት፣ እኔው ነኝ ጨርቁ ላይ በሳሙና ቁራጭ አስምራ እንድትቆርጥ የነገርኳት። ብዙም ሳትቆይ አደይ ሀፊሳ የእሷን እጅጌ ገልብጠው እያዩ በአድናቆት ምላሳቸውን ያጮሁ ጀመር። የእኔን ሲያዩ ዝም ነው። መጀመሪያ የበቀለን ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይሄ አይደል? አንጀቴ አረረ። ቤት ገብቼ ሽሮውን ብቻዬን በላሁት።

ወደ ሩጫ የተመለስኩት ያኔ ነው። ተማሪ ሳለሁ ደብረ ብርሃን ላይ እኔን የሚቀድም አልነበረም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከሰልቫጅ ጫማ ገዛሁና ማለዳ ማለዳ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። ቢያንስ እዚያ ሰላማዊ የለችም ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በሳምንቱ በሬን አንኳኳች፤ በሸራ ጫማ ቆማ፣ እኔም ልምጣ አለች። እንቢ ማለት ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚገቡት ተማሪዎች እያዩን እንሮጣለን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ትንፋሿ በየቀኑ እየቀረበኝ መጣ። እንዳትቀድመኝ ብዬ ሳንባዬ እስኪቃጠል እወጣለሁ፤ ዳገቱ ጫፍ ያለው የድሮ ምሽግ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አስመልሳለሁ፣ አፌን ጠርጌም ምንም እንዳልሆነ ሰው እጠብቃታለሁ። አንድም ቀን አልቀደመችኝም።

ሐምሌ ሲያልቅ አደይ ሀፊሳ ሁለታችንንም አስቀምጠው ተናገሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ከአሸንዳ በኋላ አንዳችን ሁለተኛው ማሽን ላይ በቋሚነት ትቀመጣለች፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ግን የለም። ለጎረቤታችን ለረዘነ ሁለት ሴት ልጆች ለበዓሉ አንዳንድ ጥልፍ ቀሚስ እንድንሰፋ አዘዙን። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አላየውም፣ አሉ፤ በአሸንዳ ቀን ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ ሲጨፈርበት ነው የማየው።

ያ ማሽን የእኔ መሆን ነበረበት። ሰሌዳ ለሰሌዳ መዞር ሰልችቶኛል፤ እናቴ በስልክ ምን እየሠራሽ ነው ስትለኝ የምመልሰው ነገር ናፍቆኛል። ፍልሰታን ጾሜ ስለቴን ለማን እንደተሳልኩ አልናገርም።

እኔ ታላቋን ልጅ ወሰድኩ። እንደ ወታደር ቀጥ ብላ እንድትቆም አድርጌ፣ ወገቧን፣ ደረቷን፣ ትከሻዋን ልክክ አድርጌ ለካሁ። ቀሚሱ ሰውነቷ ላይ ሲቀመጥ የተሞሸረች መሰለች። ሰላማዊ ታናሿን ምን ብታደርጋት ጥሩ ነው? ባዶ ጀሪካን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በይ ምቺ እያለች፣ ልጅቷ ስትመታ ክንዷ ሥር ሜትር ይዛ ትሽከረከራለች። ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ስትቀብጥ ጊዜዋን ጨረሰች ብዬ ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ። የሰፋችው ቀሚስ ብብቱ ላይ ሰፋ ያለ፣ ከእኔው ጋር ሲተያይ ጆንያ ነገር ነበር።

አሸንዳ ደረሰ። ሰፈሩ በከበሮ ተናወጠ፤ ልጆቹ ወገባቸው ላይ ቄጤማውን አስረው ከቤት ቤት ይዞራሉ። አደይ ሀፊሳ እንዳሉት ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል፣ እኔና ሰላማዊ ከጎናቸው ቆመናል። የእኔዋ ልጅ ከሩቅ ስትታይ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ፊታችን ደርሰው ክብ ሠሩ፤ ከበሮው እሷ ዘንድ ደረሰ። አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ክንዷን አንስታ አንድ ጊዜ መታችው፣ ሁለተኛውን ስትደግም የቀሚሱ ብብት ከነጥልፉ ተተረተረ።

እኔ ደብረ ብርሃን ያደግኩ ሰው፣ አሸንዳን ቆሜ አየሁት እንጂ መቼ ከበሮ መትቼ አውቃለሁ? ቀሚስ የምታሰፋ ልጅ ቆማ ፎቶ የምትነሳ ነበር የመሰለኝ። ልጅቷ ክንዷን ሰውነቷ ላይ ለጥፋ እንባዋ መጣ። እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። ሰላማዊ ግን ነጠላዋ ጫፍ ላይ የሰካችውን መርፌ ከነክሩ ነቅላ ሮጠች፤ ልጅቷን ከለል አድርጋ፣ ከራሷ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ ብብቷ ሥር አስገብታ ሰፋችላት። ልጅቷ ተመልሳ ጨፈረች። አመሰገንኳት መሰላችሁ? ያን መርፌ ነጥቄ ብሰብረው ደስ ባለኝ። አደይ ሀፊሳ ሁሉንም አይተዋል።

በነጋታው መቀሳቸውን ልመልስ ሄድኩ። ሳያባርሩኝ ልሂድ ብዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«የት ትሄጃለሽ? ማሽኑ ያንቺ ነው። ብብት አቆራረጥ አስተምርሻለሁ።»

ሰላማዊስ አልኳቸው። ግራ ገባቸው። ለካ ሰላማዊ ውቅሮ ከተማ አንድ የማር አምራቾች ማኅበር ዘንድ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥራለች፤ በፍልሰታ መጀመሪያ ነግራቸው ከውድድሩ ወጥታለች። ቀሚሱን የሰፋችው ለልጅቷ ብላ ነው። እኔ ለካ ስፎካከር የከረምኩት ከማንም ጋር አይደለም።

ደሜ ፈልቶ ግቢያችን ደረስኩ። ሻንጣ እያሰረች አገኘኋት። ስምምነታችንስ፣ ሰሌዳው ላይ ስታዪው ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። እንደኔ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሠርኬ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺ ልምድ አለሽ። ብነግርሽ አንቺን ነበር የሚወስዱት። እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ እቀናብሻለሁ። ያን ዳገት ሳይደክምሽ ስትወጪው ባየሁ ቁጥር እቀና ነበር። አንድ ጊዜ አንቺ የሌለሽበት ቦታ ልወዳደር ብዬ ነው።»

ሳይደክመኝ! ምሽጉ ሥር ሳስመልስ መክረሜን እኔ ነኝ የማውቀው። ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሰው በእኔ ይቀናል ብዬ በሕይወቴ አስቤ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ተቆጥቼ ገብቼ ሻንጣዋን አብሬያት አሰርኩ። ሚኒባሱ ጋ ስሸኛት አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔ ግን አላለቀስኩም።

በማግስቱ ማለዳ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ማሽኑን ይዣለሁ፤ ለእናቴም ደውዬ ልብስ ሰፊ ሆንኩ ብያለሁ። የጎደለኝ የለም። የእንዳ ኢየሱስ ዳገት ሥር ስደርስ እንደ ልማዴ ሮጥኩ። ጥቂት እንደወጣሁ ዞር አልኩ፤ ከኋላዬ ትንፋሽ የለም። ለማን ብዬ ነው የምቃጠለው? ቆምኩ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እያለፉኝ ሄዱ፤ እኔም እንደነሱ ቀስ ብዬ በእግሬ ወጣሁ።