መኪናው አብሮ ተነሣ?

ባለቤቴ ከመኪና ጋር የሚያያዝ ነገር ሁሉ ሁለት ሰው ይፈልጋል ይል ነበር። አንዱ ያያይዛል፣ ሌላው ያያል። ያያያዘው ሰው ራሱ ቢያየው የሚታየው ያሰበው ነው እንጂ ያለው አይደለም ብሎ ያምን ስለነበር፣ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ የማየቱ ሥራ የኔ ሆነ።

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር የመንግሥት ቡድን ሾፌር ነበር። ቡድኑ መቂ፣ ዝዋይ፣ አርሲ ነገሌ እያለ ሲዘዋወር፣ ለሱ በላንድሮቨር የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ቤት ተሰጠው። አንድ አልጋ፣ ታጣፊ ጠረጴዛና ለቡታጋዝ የምትሆን ጥግ አላት። ልጅ ስላልነበረን እኔም አብሬው እሄድ ነበር። ሥራ ሲቆም ናዝሬት በተከራየነው ግቢ፣ ኒም ዛፉ ሥር እናቆማታለን።

ልንጓዝ ስንል እሱ መኪናውን ወደ ኋላ ያመጣል፤ እኔ በእጄ እመራዋለሁ። ከመኪናው ኋላ የብርቱካን ያህል የብረት ኳስ አለ፤ ከፊቷ ያለው የቤቲቱ የብረት አፍ እላዩ ላይ ወርዶ ይነክሰዋል። ክፋቱ ሳይነክስም የነከሰ መምሰሉ ነው። የአፉ መቆለፊያ እጀታ ይዘጋል፣ ድምፅ ያሰማል፣ አፉ ግን ኳሱ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጀታውን ከዘጋ በኋላ የቤቲቱን የፊት እግር፣ ያቺን ትንሽ ጎማ ያላትን፣ እያዞረ መልሶ ወደ መሬት ያወርዳታል። እግሯ መሬቱን ስትገፋ የቤቲቱ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። በደንብ ከነከሰች የመኪናውንም ኋላ ይዛ ትነሣለች፤ ካልነከሰች ብቻዋን።

«መኪናው አብሮ ተነሣ?» ይለኛል እንዳጎነበሰ።

«ተነሣ።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ ጓድ ተቆጣጣሪ?»

«ካላመንክ ቀበሌው ስብሰባ ይጥራ።»

ያንን ቃል ሳልናገር ሞተር አያስነሣም። አንድ ቀን አርሲ ነገሌ ላይ ተኳርፈን፣ ጠየቀኝና ዝም አልኩት። በምን እንደተጣላን ዛሬ ጠፍቶኛል። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ጎማው አጠገብ ተቀምጦ ሲጋራውን ለኮሰ። ቆፋሪዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ቆመው ሲጠብቁ፣ አንዱ «ዛሬ የምንሄደው በሴትዮዋ ፈቃድ ነው» ብሎ ሲያስቃቸው እኔም ሳቄ መጣና ተናገርኩ።

ዝናቡ ባበቃበት ሰሞን ወባ ያዘውና ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አርባው ሳይወጣ መሥሪያ ቤቱ ቤቲቱን የሚወስድ ሌላ ሾፌር ላከ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጥናዎት» አለና፣ ለመቂ ሥራ እንደምትፈለግ እያፈረ ነገረኝ። ገብቼ ብርድ ልብሱን፣ መላጫውንና ማንቆርቆሪያውን አወጣሁ። የሰፋሁትን መጋረጃ ግን ከመስኮቱ ማውረድ አልሆነልኝም፤ ተውኩት።

ከዚያ የሐዘን ፍራሼ ላይ ተመልሼ ሾፌሩን በበሩ በኩል አየው ጀመርኩ። ብቻውን ወደ ኋላ መጣ፣ ብቻውን አያያዘ፣ እጀታውን ዘጋ፣ ሰንሰለቱን አጠለቀ። የፊት እግሯን እስከ መጨረሻው ሊሰበስባት ሲጀምር ተነሣሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ነጠላዬን ያዙኝ። «ጀባዹ፣ በርቺ፣ ልጄ። ሐዘንተኛ ምን አስነሣት? እሱ ወንድ ነው፣ ያስረዋል።»

«ማሰሩንማ አስሮታል፣ እማማ» አልኳቸውና ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ እግሯን መልሰው ያውርዷት።»

«ቆልፌያለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ይሁን። እኔ ልይ።»

ጥቁር ልብሴን አየና ቁጢጥ ብሎ ማዞር ጀመረ። እኔም አጎነበስኩ። አፍንጫዋ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ የመኪናውም ኋላ አብሯት ወጣ፤ ከጎማው በላይ ያለው የባሌስትራ ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ።

«አብሮ ተነሣ?» አለኝ።

ማንም ያስተማረው አልነበረም፤ የሚጠየቀው ያው ስለሆነ ጠየቀ። ተነሣ ካልኩ ትሄዳለች። አልተነሣም ብል ፈትቶ እንደገና ይጀምራል፣ ምናልባትም ሊመሽበት ነው ብሎ ኒሙ ሥር ያሳድራታል። አንድ ሌሊት እንኳ። መጋረጃዬ ከመስኮቱ ሆኖ ይታየኛል። ሰውዬው እጀታውን እንደያዘ አንጋጦ ይጠብቀኛል፤ አልቸኮለም፣ አልደገመም። እኔን አምኖ ነው የሚጠብቀው። ባሌም እንዲህ ነበር የሚጠብቀኝ።

«ተነሣ» አልኩ።

እግሯን ሰበሰበ። የቤቲቱን መብራት ስናይ የቀኙ ፍሬቻ እምቢ አለ። እንደ ልማዴ በመዳፌ መታሁት፣ በራ። «መንገድ ላይ ሲያስቸግርዎት እንዲህ ነው» አልኩት። ሰላምታ ሰጥቶኝ በሞጆ መንገድ ወሰዳት። ጎረቤቴ እጄን ይዘው ወደ ቤት መለሱኝ።

ኒሙ ሥር፣ እሷ በቆመችበት ልክ፣ ሣሩ ገርጥቶ ቀርቶ ነበር። እስከ ክረምት ድረስ ይታይ ነበር።

አሁን ማታ ማታ በሩን እቆልፋለሁ። ቆልፌ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ፣ አይነቃነቅም። ቢሆንም እጄን ሳላነሣ ትንሽ እቆማለሁ። የቆለፍኩት እኔ፣ ያየሁትም እኔው ነኝ።