የደላላው ልጅና ጃፓንኛ

በዚያ ቤት የንግግር መሣሪያዎች በሙሉ በአንድ ሰው እጅ ተይዘው ነበር። ሰውየው ደላላ ነው። ቤት ያከራያል፣ ቤት ያሻሽጣል፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ በነጻ ያወራል። ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል «አየር እንደ ልቡ የሚገባበት» ብሎ ያከራየ አፍ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ መኝታ ቤት ደግሞ «ሁሉ ነገር በቅርብ» ብሎ። ሚስቱ የጀመረችውን ነገር ራሷ የምትጨርሰው ከስንት አንዴ ነበር፤ ኋላ ላይ መጀመሩንም ተወችው። እንግዲህ እግዜርም አንዳንዴ ይቀልዳልና፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሁለተኛዋ ልጅ አፏን ስትፈታ ተብታባ ሆና አረፈችው።

ቃሉ አይጠፋትም። ታውቀዋለች። ግን የመጀመሪያዋ ፊደል ከንፈሯ ላይ ስትደርስ በር እንደተዘጋበት እንግዳ ቆማ ታንኳኳለች። የሰፈር ልጆች «ናፍጣ» አሏት፤ ጠዋት ጠዋት ሰፈር ሙሉ ሰው ቢገፋው እንኳ የማይነሳ የናፍጣ ሞተር ለማለት ነው። ስሙ ተለጠፈባት። ዘመድ አዝማዱም ምክር አላነሰውም። «ቀስ በይ»፣ «ተረጋጊ»፣ «ትንፋሽ ውሰጂ»። ቀስ በይ የሚላት ሁሉ ታዲያ ቸኩሎ ነው የሚላት።

አባቷ ግን አይመክርም። አባቷ ይረዳል። ከእንዲህ ያለ ረጂ ይሰውራችሁ። ልጁ ስትቸገር ማየት አንጀቱ አይችልምና፣ ቃሉን ከአፏ ተቀብሎ ይጨርስላታል። «ው… ው…» ካለች «ውሃ ስጧት» ይላል። ውጭ ልውጣ ልትል ነበር። ውሃው ይመጣል፤ አባቷ ደስ ብሎት ያያታል፤ እሷም እንዳይከፋው ትጠጣለች። ሳይጠማት የጠጣችውን ውሃ እሱ አንድዬ ይቁጠረው።

ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የውጭ ቋንቋ ምረጡ ተባለ። በዚያ ትምህርት ቤት ጃፓንኛ የተከፈተው ርዕሰ መምህሩ መክፈት ስለሚወዱ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ከተገኘ መቀሱ ከኪሳቸው አይታጣም። በልግስና የመጡ የጃፓንኛ መጻሕፍት በካርቶን እንደታሸጉ መጋዘኑን አጣበውት ነበርና፣ መጋዘኑ ይለቀቅ ዘንድ አንድ ክፍል ተከፈተ። ንግግር ተደረገ፤ ፎቶ ተነሳ፤ «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ወገቡ እስኪቆረጥ ሠራ። ርዕሰ መምህሩ ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ረግጠውት አያውቁም።

ናፍጣ የፈለገችው ፈረንሳይኛ ነበር። ግን የፈረንሳይኛው ሰልፍ ግቢውን ዞሮ በር ደርሷል። የሚንተባተብ ሰው ደግሞ ሰልፍ የሚመርጠው ከፊቱ የቆመውን አይቶ ሳይሆን ከኋላው የሚቆመውን አስቦ ነው። የኋላ ሰው ይተነፍሳል፤ ያጉረመርማል፤ «ምን ሆና ነው?» ይላል። በጃፓንኛው መስኮት ከፊትም ከኋላም ሰው አልነበረም። ሄደች። ስሟን ለመናገር የፈጀባትን ያህል ፈጀባት፤ መዝጋቢውም ሌላ ሥራ ስላልነበረው እስክትጨርስ ጥፍሩን እያየ ጠበቃት። ጃፓንኛን የመረጠችው በዚህ ነው። ስለ ሩቅ ሥልጣኔ ፍቅር የሚያወራ ካለ ለርዕሰ መምህሩ ቀጣይ ሪባን ያቆየው።

መምህሩ በወጣትነታቸው የማቀዝቀዣ ጥገና ሊማሩ ጃፓን ሄደው የመጡ፣ ቀጭን፣ ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው። «ማቀዝቀዣውን ረሳሁት፤ ቋንቋው ቀረኝ» ይላሉ። የመጀመሪያው ቀን፣ ከፈረንሳይኛው ሰልፍ የተረፉት ሁሉ ተልከው ክፍሉ ሲሞላ፣ ሰሌዳው ላይ «ዋታሺ»ን፣ «እኔ» የሚለውን ቃል፣ በጃፓንኛ ፊደል ጻፉና በየተራ አስነበቡ። ቀድሞ የተነሳው ራዲዮ ነው። ራዲዮ የክርክር ክበቡ ሊቀ መንበር ነው፤ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው የጠፋ ልጅ።

«ዋ…» አለ ራዲዮ። «ዋ… ዋታ… ዋ…» ላብ አጠመቀው። ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀችበት፤ ተራው ለእሷ ደረሰና እሷም «ዋ… ዋ…»። ቀጥሎ የተነሳውም እንዲሁ። ናፍጣ አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያውን አየች። ክፍሉ ሙሉ ናፍጣ ነው። ተራዋ ሲደርስ ተነሳች፣ ተንተባተበች፣ ተቀመጠች። ዞር ብሎ ያያት የለም። እንደ ሰው ሁሉ ነበረች።

ያን ቀን ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ «ምን አግኝተሽ ነው?» አለቻት።

«ርቧት ነው» ብሎ አባትየው መለሰ።

መምህሩ ከሄዱበት አገር አንድ ልማድ ይዘው ተመልሰዋል። እዚያ የሚሰማ ሰውም ሥራ አለው። ተናጋሪው ባረፈ ቁጥር አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «ሀይ» ይላል፤ ተስማማሁ ማለቱ አይደለም፣ አለሁ፣ ቀጥል ማለቱ ነው። ክፍሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይህን ይለማመዳል፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ሀይ ይላል። ከጓደኛው አፍ ቃል የነጠቀ ሰሌዳ ያጠፋል። ራዲዮ የደረሰው ከናፍጣ ጋር ነው፤ የሰሞኑን ሰሌዳ ሁሉ እሱ አጠፋ።

«ቲቸር፣ ልረዳት ነው እኮ።»

«ማን ጠራህ?»

«ቃሉን አውቄው ነው።»

«እሷም ታውቀዋለች። ሰሌዳውን አጥፋ።»

የጠመኔው ብናኝ ራዲዮን ገራው። ምላሱን ነክሶ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ሀይ» እያለ መጠበቅ ለመደ። እና አንድ ቀን፣ ናፍጣ ስለ አንድ ሰነፍ ድመት በጃፓንኛ የጀመረችውን ወሬ ስትጨርስ፣ ድንገት ሳቁ አመለጠው።

«አንቺ ልጅ፣ ቀልደኛ ነሽ ለካ» አላት በአማርኛ።

«ድ… ድሮም ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም ነበር?»

«እ… እናገር ነበር። አ… አንተ ነህ የምትጨርስልኝ።»

ራዲዮ ማንም ሳያዘው ተነስቶ ሰሌዳውን አጠፋ። ለክርክር ክበቡ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አባቷ መላ አገኘላት። ደላላ መላ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ቤት ካከራያቸው ደንበኞቹ አንዷ የስፌት ማሠልጠኛ አላት፤ ለምኖ፣ ውለታ አስታውሶ፣ ለልጁ ቦታ አስያዘ። ከትምህርት ቤቱ ትወጣና እዚያ ትገባለች። «መርፌ አይናገር፣ ክር አይናገር። ልጄ ከእንግዲህ ማንም ፊት አትቸገርም» አለ። ይህን ሲል የምሩን ነው። በጭካኔ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ በጨካኝ ላይ ይታመፃል። በፍቅር በሚጨቁን ላይ እንዴት እንደሚታመፅ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አልተበተነም።

ናፍጣ መቀጠል ፈለገች። በሚቀጥለው ክፍል አጫጭር ታሪክ ማንበብ ይጀመራል፤ ከዚያም በላይ፣ ሰው ሀይ እያለ የሚጠብቃት በዓለም ላይ ያለችው ያቺ ክፍል ብቻ ናት። ይህን ለአባቷ መንገር ነበረባት። እራት ላይ ሞከረች።

«አባዬ፣ እኔ ስ… ስ…»

«ስፌቱን። አውቃለሁ፣ ደስ ብሎሻል።»

በሌላ ቀን ደግሞ «አል… አል…» አለች። አልገባም ልትል ነው። «አልጋሽ ላይ ውጪና አረፍ በይ፣ ደክሞሻል» አላትና ብርድ ልብስ አለበሳት። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

ጽፋ እንዳትሰጠው፣ አባቷ ወረቀትም ሲያነብ ከጸሐፊው ቀድሞ ነው የሚጨርሰው።

«እኔ ልንገርልሽ» አላት ራዲዮ። «በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ።»

«አ… አውቃለሁ። ለ… ለዚያ ነው የማልፈልገው።»

አንድ ቅዳሜ አባቷ ባዶ ቤት ለተከራይ ሊያሳይ ሲሄድ መጥረጊያ አስይዞ ወሰዳት። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ከወጡ ሰንብተዋል። ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረው የግድግዳ ቦታ ነጣ ብሎ ቀርቷል፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ዝንቦች ደርቀዋል፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አልዘጋ ብሎ ጠብ ጠብ ይላል። ተከራዩ ዘገየ። ደላላው የሚያወራው ሰው ሲያጣ ከቤቱ ጋር ማውራት ጀመረ። «ሳሎን፣ ሰፊ» አለ። «ሰፊ» አለ ባዶው ሳሎን። «ቧንቧውም ቀን ከሌት ውሃ የማያጣ።»

ናፍጣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«አባዬ።»

«ወዬ ልጄ። አቧራው አስቸገረሽ? ተይው፣ እኔ…»

«ኒ…» አለች። «ኒ… ኒሆንጎ ኦ…»

አባቷ እንደ ልማዱ ሊያቀብላት አፉን ከፈተ። ለለማኝ ሳንቲም ሊያወጣ ኪሱ እንደሚገባ ሰው ወደ ውስጥ ገባ፣ ዳበሰ። ምንም የለም፤ ጃፓንኛ ነው። ልጁ ዓይኑ ሥር ተቸግራ ቆማለች፣ እሱ ደግሞ የሚሰጣት ቃል የለውም። እጆቹን የሚያደርግበት ጠፋው።

«ጹ… ጹ… ጹዙኬታይ ዴስ።»

ድምጿ ባዶውን ቤት ዞሮ ተመለሰ። ቧንቧው ጠብ አለ።

«ምን አልሽ?» አለ ደላላው።

እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበር። እሷም ቀና ብላ አየችው።

«እ… እነግርሃለሁ። በ… በኛው ቋንቋ። ግን ሕግ አለው።»

«ሕግማ ጥሩ ነው፤ ውል ያለ ሕግ…»

እጇን አነሳች። ዝም አለ።

«የ… የሚሰማው ሰው ሀይ ብቻ ነው የሚለው።»

«ሀይ ብቻ?»

«ብቻ።»

«ሀይ» አለ ደላላው፣ ቅር እያለው።

«እኔ ስ…» አለች። «ስ… ስ…»

የአንገቱ ሥር ተገተረ። ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሷል፤ ስፌት፣ ስፌት ነው፤ ማንም ያውቀዋል። የቁልፎቹን ቀለበት ጨበጠ። «ሀይ» አለ፣ የሰው ጥርስ ሲነቀል አጠገቡ እንደቆመ ሰው።

«ስፌት ቤት አል… አል…»

የግቢው በር ተንኳኳ። የበር ድምፅ ለደላላ ምን እንደሆነ የደላላ ቤተሰብ ያውቃል፤ ከምግብ ያስነሳል፣ ከለቅሶ ያስነሳል። እግሮቹ ሳያዛቸው ተነሱ። ዞር ብሎ ልጁን አየ። አላቋረጠችም፤ ያቺው ፊደል ላይ ናት። መስኮቱን ከፈተ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጌታው፤ ልጄ እያነጋገረችኝ ነው።»

«ቸኩያለሁ እኮ» አለ ከውጭ ያለው ሰው። «ስልክ ላይ ናት?»

«አይ፣ እዚሁ ናት። አልጨረሰችም።»

መስኮቱን ዘጋና ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሀይ» አላት።

«አልገባም። ት… ትምህርቴን ነው የምቀጥለው። ጃ… ጃፓንኛውን፣ እስከ መ… መጨረሻው።»

«ሀይ።»

ዝም አለች። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ጠበቀ። ልጁ ስትጨርስ ምን እንደምትመስል አያውቅማ።

«ጨ… ጨረስኩ» አለችው።

ደላላው የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከደረቁት ዝንቦች ጎን ተቀመጠ። በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «ለካ ይሄን ሁሉ ይዘሽ ነው» አለ። ከዚያ፣ «እዚያ ብዙ ሰው ፊት መነሳት አለ እኮ። ይስቁብሻል።»

«ይ… ይሳቁ።»

«ለስፌት ቤቷ ሴትዮ ምን ልበላት? ስንት ለምኛት፣ በስንት ውለታ…»

የራሱን ጥያቄ ራሱ የሚመልስ ሰው ነበርና መልሱ አፉ ላይ መጣ። ዋጠው። ውጭ ያለው ሰው በሩን ደግሞ ደበደበ፣ አሁንስ በጡጫ። አባትየው ንቅንቅ አላለም።

«እኔ እ… እ…» አለች። «እነግራታለሁ።»

«ሀይ» አለ አባቷና በሩን ሊከፍት ወጣ።