ተረኛ ያጣውን ጽዋ ይዤ ወደ ሮብ ገበያ

ነገሩ እንደከፋ የገባኝ የመስከረም ማርያም ዕለት ነው። ማኅበርተኛው እኔ ቤት በልቶ ጠጥቶ፣ ቄሱ ጸሎቱን አሳርገው፣ "እንግዲህ ተረኛው ይነሳና ጽዋውን ይቀበል" ሲሉ የሚነሳ ሰው ጠፋ። አንዷ የነጠላዋን ጥለት ማየት ጀመረች። አንዱ ጣራዬን አንጋጦ የሚያፈስበትን ይፈልጋል። ሌላዋ ድንገት ጉልበቷን ያዘች፤ ቅድም ወጥ ሊጨመርላት ስትጠጋ ያልታመመ ጉልበት ነው። ቄሱ ደግመው ጠሩ፤ ሠለሱ። ከዚያ ሁሉም በየሰበቡ ተሰናብቶ ወጣና ጽዋው እኔው ጋ ቀረ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዐሥራ ሁለት ሆነን በእመቤታችን ስም ተማኅበረን፣ በየወሩ ሃያ አንድ ቀን ተራ በተራ እንደግሳለን። ጽዋው ነጭ ጨርቅ የለበሰ የሸክላ ዕቃ ነው። ከደጋሹ ቤት ወደ ተረኛው ቤት ይሄዳል። በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ሊደግስ ቃል ገባ ማለት ነው። ከተቀበሉ በኋላ "ለካ አይመቸኝም" ብሎ ነገር የለም።

ማኅበራችን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ግን ሦስቱ ሞቱ። ሁለቱ ልጆቻቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱ ደግሞ በጠላ ተጣሉ። አንደኛዋ "ጠላሽ ቀጠነ" አለቻት፤ ባለጠላዋ "ቀጥኖም እየደጋገምሽ አስቀዳሽ" ብላ መለሰች፤ በዚያው ሁለቱም ቀሩ። ከተረፍነው ግማሹ ቁጠባ ማኅበር የሚሉት ከመጣ ወዲህ ልቡ ወደዚያ ነው። እዚያ ስብሰባው ላይ ሻይ በብስኩት ይቀርባል፤ ደግስ የሚል የለም።

እኔን ያስፈራኝ ግን ልጄ ትርንጎ ናት። የመጀመሪያዋን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ እኔ ቤት መጥታ ወሯ ገብቷል። ምጥ ሲመጣ የምትጠራው ማን ናት? ማርያም ናት። የማርያምን ጽዋ ቤቴ አቁሜ፣ ማኅበሯን በእጄ አፍርሼ፣ በየት አፌ "ማርያም ማርያም" ልበል? ትርንጎ ባስነጠሰች ቁጥር እኔ ጽዋውን አያለሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

የእናቴ አገር ሮብ ገበያ ነው። እዚያ ያለው የማርያም ማኅበር አንድ ወር ሳይታጎል ይጠጣል ሲባል እሰማለሁ። ሄጄ "ሰው አበድሩኝ" ልላቸው ወሰንኩ። ትርንጎን ለጎረቤቴ አደራ ሰጠሁ። ጽዋውን ግን መተው ፈራሁ፤ ትርንጎ ሆዷ ከፊቷ እየቀደመ ያልገለበጠችው ዕቃ የለም። ታቅፌው ወጣሁ።

ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ጥቅምት ሃያ አንድ ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የሮብ ገበያው ቅጥቅጥ ጣራው ላይ ሁለት በግና የዶሮ ቅርጫት ጭኖ ቆሟል። ረዳቱ እጄን አይቶ፣ "እትዬ፣ ማሰሮዋን ወደ ላይ ልስቀላት" አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ ያሉ ባልቴት፣ "አንተ፣ ማርያምን ከበግ ጋር ልትጭን ነው?" አሉት።

ረዳቱ ጨርቁን ልብ ብሎ ሲያይ ጽዋ መሆኑን አወቀና እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። አማተበና መንገድ ለቀቀልኝ።

ሂሳብ ሲሰበሰብ ጭንቅ ሆነ። ገንዘቤ መቀነቴ ላይ ተቋጥሯል፤ ሁለቱም እጄ ጽዋው ላይ ነው። አጠገቤ ባለብዙ ኪስ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ ተቀምጧል። እስክፈታ ድረስ ያዝልኝ ብዬ ጽዋውን ወደ እሱ ዘንበል ባደርግ፣ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

"እናቴም ማኅበርተኛ ናት። የእርስዎን ሂሳብ እኔ እከፍላለሁ፤ ጽዋውን ግን አልነካም" አለኝ።

ከፈለም። እንዲህ ሆኜ በነፃ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ

ከማርቆስ ወጣ ሲሉ ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ጤፉ ቀርቶ ገብስና ድንች ብቻ ሆነ። ባሕር ዛፉም አጠረ። ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨን ሌላው ሰው ብረት ይይዛል፤ እኔ የምይዘው ጽዋ ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ወደ ግራ እወድቃለሁ፣ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ወደ ቀኝ። ሰው እኔን መደገፍ ይፈልጋል፤ ግን ጽዋው በስህተት እጁ ላይ እንዳያርፍ ይሸሻል። በየኩርባው ግማሽ መኪና ሕዝብ በአንድነት ከእኔ ራቅ፣ መለስ ይል ነበር። ጭጋግ ወረደና ገደሉ ጠፋ። እሰይ አልኩ። ያላዩት ገደል የባሰ እንደሚያስፈራ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ባለሰደርያው ብርቱካን ልጦ ፍሬ በፍሬ ያጎርሰኛል። ሥራው ማኅበራትን ማጠናከር በሚባል ድርጅት ውስጥ እንደሆነ ነገረኝ። ዕዳዬን ሁሉ አጫወትኩት። በጥሞና ሰማኝና የማኅበራችሁ የገቢ ምንጭ ምንድን ነው አለኝ። ገቢ የለውም፣ ወጪ ብቻ ነው አልኩት።

"ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ቆየ?"

"ወጪው በየወሩ የሌላ ሰው ነዋ።"

ሳቀና ቆይቶ ፊቱ ከበድ አለ። የእነሱንም ድርጅት ለዓመታት ሲረዳ የነበረ የውጭ አገር ሰው ዘንድሮ በቃኝ ብሏል። ሌላ ረጂ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ሁሉም ሻይ ጋብዞ ይሸኘዋል።

"የእናንተም ጽዋ ተረኛ አጣ በለኛ" አልኩት።

"እንደሱ ነው እትዬ። ልክ እንደሱ ነው" አለኝ።

ከመውረዳችን በፊት አንድ ነገር መከረኝ። ለማኝ ሆነው አይግቡ፤ እነሱ የጎደላቸው፣ እናንተ ግን ያላችሁ ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቁ አለኝ። ይህ በእነሱ ቤት የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ይባላል። ትርጉሙን ጠይቄው ነግሮኝ ነበር፤ ትርጉሙ ወዲያው ጠፋኝ፤ ስሙን ግን እንዳልረሳ መንገዱን ሁሉ እንደ ውዳሴ ስደግመው ሄድኩ።

ረፋድ፣ ሮብ ገበያ

ሮብ ገበያ ጭቃው ገና አልደረቀም። ጭቃው ጨርቁ ላይ እንዳይረጭ እግሬን እያነሳሁ፣ እየጠየቅኩ ማኅበሩ የሚጠጣበት ቤት ደረስኩ። በልቤ ያሰብኩት እንዲህ ነበር፤ ጽዋውን ደጅ ንጹሕ ቦታ አስቀምጬ፣ ባዶ እጄን ገብቼ፣ እጅ ነስቼ፣ ችግሬን በወጉ እናገራለሁ። ደጁን ባየው ሁሉም ጭቃ ነው። ይዤው ገባሁ።

ቤቱ ጢም ብሏል። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ይሉታል። የእነሱ ሙሴ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ከበሩ ትይዩ ተቀምጠዋል። እኔን አላዩም፤ ያዩት ጽዋውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጽዋ ሲገባ የሚነሱ ሰው፣ አሁንም ተነሱ። ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ሁለት እጅ ሲዘረጋልኝ ሰጠሁ። ተሳለሙት። ሴቶቹ እልል አሉ።

እልልታው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሞሰቡ ዞረ። የእነሱ ጽዋ ሞሰብ አጠገብ ቁጭ ብሏል። አያ ቢያድግልኝ ያንን አዩ፣ ይህንን አዩ።

"ይኼ የማን ነው?" አሉ።

እዚያው መሬት ላይ ተንበርክኬ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ የሞቱትን፣ የሄዱትን፣ በጠላ የተጣሉትን፣ ትርንጎን። ላጠምድዎት አልመጣሁም፣ ይመልሱልኝ አልኳቸው። አያ ቢያድግልኝ ለመመለስ እጃቸውን ዘረጋ ሲያደርጉ ከጥግ የተቀመጡት ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጽዋ የተዋሱት ወንፊት አይደለም። የተቀበለ ተቀብሏል" አሉ።

ያኔ ከጓዳ ሚስታቸው እትዬ በለጡ ብቅ አሉ። አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው። ለማኅበርተኛው ሁሉ፣ "እጁን የዘረጋው እሱ፣ ጌሾ የምወቅጠው እኔ። የኔን እጅ ማን ጠየቀው?" አሉ።

ጭቅጭቅ ሆነ። ግማሹ ሳያስቡት የተቀበሉት አይቆጠርም ይላል። ግማሹ እልልታውስ ይላል። እልል ያለችው ሴትዮ እኔ ያልኩት ከልማድ ነው ትላለች። አባወራው መሐል ቤት ጽዋውን ታቅፈው ቆመዋል፤ መቀመጥም መስጠትም አልቻሉም። ደግሞ እነሱ ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ ወሩም ዐሥራ ሁለት ነው፤ ባዶ ወር የለም። አንድ ሽማግሌ ጳጉሜን ስጧት ብለው ነበር። ጳጉሜ ሃያ አንድ እንደሌለው ሲነገራቸው፣ እሱን እሷ ትወቀው አሉ።

መውጫ ሳጣ የባለሰደርያው ነገር ትዝ አለኝ። ብድግ ብዬ፣ እኔ የመጣሁት ለባለድርሻ አካላት ቅንጅት ነው አልኩ። አንዱ በቀስታ ግብር አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። ወዲያው ጥያቄውን ጠየቅኩ።

"ማርቆስ ስትወርዱ የሚቸግራችሁ ምንድን ነው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለገጠር ሰው ከተማን አማልኝ እንደማለት ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አወራ። ፍርድ ቤቱ፣ የተማሪ ልጆች የቤት ኪራይ፣ ውኃ እንኳ በገንዘብ መሆኑ። እትዬ በለጡ ብቻ ድምፃቸው ቀነሰ። በክረምት አያ ቢያድግልኝ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እትዬ በለጡ በረንዳ ላይ ያድሩ ነበር። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ከቤቱ አጥሚት በፔርሙስ ሲያመጣ፣ እነሱ ከሱቅ በተገዛ ደረቅ ዳቦ ሰነበቱ።

"በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ እንዴት አደርሽ የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ" አሉ።

"ቤቴ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገርኩም፤ እሳቸው ተናገሩልኝ። ከእነሱ ማኅበርተኛ የታመመ ማርቆስ ቢወርድ፣ እኛ አጥሚትና ትኩስ እንጀራ እናደርስለታለን፤ አስታማሚውም እኛ ቤት ያድራል። እነሱ ደግሞ ለእኛ ጽዋ ሰባት ቤት ይሰጡናል። ክረምት መንገዱ ሲበላሽ የማርቆሶቹ ይደግሳሉ፣ በጋ እነሱ። የማርቆሶቹን እኔ አሳምናለሁ አልኩ። መጪው ተረኛ አንተ አይደለህም የተባለ ሰው በምን እምቢ ይላል?

ቀኑ ብቻ ቀረ። ሁለት ድግስ በአንድ ሃያ አንድ አይሆንም። ቄሱ፣ ወር በገባ በአንድ ልደታ ናት፤ ልደታም ያቺው እመቤታችን ናት፣ ጽዋዋን ወደዚያ እናድርገው ብለው ፈቱት። ጸሎት አደረሱበት። እትዬ በለጡ ለኅዳር ልደታ ጌሾው ዛሬውኑ ይወቀጥ አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ጠላ ቀጠነ የሚል ሰው ካለ አሁን ይናገር።"

አያ ቢያድግልኝም ያን ጊዜ ተቀመጡ።

በማግስቱ፣ ወደ ቤት

እነሱ ቤት አደርኩ። የገብስ ዳቦና ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አበሉኝ፤ ለትርንጎም አንድ ቁና የአጥሚት ገብስ ቋጥረው ሰጡኝ። ስመለስ ሰማዩ ጠርቶ የጮቄ ተራራ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ብረት የምይዝበት ሁለት እጅ ስለነበረኝ ገደሉን ሁሉ በሚገባ አየሁት። አለማየቱ ይሻል ነበር። ሌላው ፍርሃቴ ግን ቤት በቀረብን ቁጥር ባሰ። እኔ ማኅበር ሳስታርቅ ልጄ ምጥ ይዟት ይሆን? ምን ዓይነት እናት ነኝ፣ ወሯ የገባን ልጅ ጥዬ ተራራ የምወጣ? ከመናኸሪያ እስከ ሰፈሬ በሩጫ ነው የሄድኩት፤ ገብሱ ጀርባዬን ሲደበድበኝ።

ትርንጎ ደጅ ፀሐይ ላይ እግሯን ዘርግታ ባቄላ እሸት ትፈለፍላለች። ሆዷ እንዳለ ነው። ጎረቤቴን ጨው አሳነሰችብኝ ብላ ከሰሰቻት።

በጉዞዬ የተማርኩትን ጽፌ ላስቀምጥ። ማኅበር የሚያቆመው ሰው ሲያጣ ጎረቤት ማኅበር መሄድ ነውር የለውም። የራስን ጉድለት ከመናገር በፊት የእነሱን ጉድለት መስማት ይበጃል። ባለሰደርያው ምክሩ ለእኔ ሠርቷል፤ ለእሱም ሁለት እጁን የሚዘረጋ ሰው ይግጠመው። ጽዋ ይዞ ሰው ቤት መግባት ደግ ነው ወይስ ክፉ፣ እሱን እኔ አልፈርድም።

አሁን ቤቴ ነኝ። ጽዋው በሰላም ተረኛው ቤት ገብቷል፤ ማኅበሯም አልፈረሰም። ምጡ ሲመጣ አፌን ሞልቼ እጠራታለሁ፤ ሲያልፍም ልጄን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እላታለሁ። ደህና ገብቻለሁ፤ አልፈራም።